እስከ የት?

ሐሙስ ሌሊት መጣ፣ ውሃ በአሥራ ሰባት ቀኑ፤
ቧንቧው ሳል ጀመረው፣ ጀሪካኖች ነቁ፣ ባልዲዎች ባነኑ።
ሁለቱን ለወጥ ቤት፣ አንዱን ለልብስ ብዬ
አራተኛውን ግን አየሁት አስተውዬ፦
ይኼ ለጠጉሬ ነው።
አንድ ሙሉ ጀሪካን፣ ሃያ ሊትር ውሃ፣
ለአንዲት ጡረተኛ፣ ጠጠር ሲቆጥር ቀሃ።

ልጄ ምንታምር በስልክ፦ «ቁረጪው እማ፣ ይቅለልሽ፤
አጭር ያሳምርሻል፣ አሥር ዓመት ቀንሶልሽ።»
ዓመት ይቀነሳል እንዴ? ገቢዎች ቢሮ ነው የሠራሁ፤
ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የቅናሽ ማመልከቻ ስቀበል ኖርሁ፤
በየትኛውም መዝገብ ዓመት የተቀነሰለት ሰው አላየሁ።

ደብሬ በአጥሩ ላይ፦ «ምነዋ! ምን ሰማሽ?
ሴት ጠጉሯን የምትቆርጥ ደጇ ላይ ድንኳን ሲጣል ነው፣ አንች ምን አገኘሽ?»
የንስሐ አባቴም ገና ሳልጨርስ ነገሩን
ፈገግ አሉ፦ «ልጄ፣ ልትደፊው ነው ቆቡን?»

በዚህ አገር መቀስ ለሴት ራስ ሲነሣ
ወይ ሰው ሞቶባት ነው፣ ወይ ዓለምን ልትረሳ።
ክንዴ ዛለ፣ ውሃ አነሰ ብል ማን ይሰማል?
እንዲህ ያለ ምክንያት ለጎንደር ያንሳል።

ግን እሱም አይደለም።

ባዘዘው ሲሞት አልተላጨሁም።
ለቀስተኛው መጣ ከአዘዞ፣ ከጭልጋ፤
ደረት እየመታ፣ ዓይኑ ግን እኔ ጋ፣
ከነጠላዬ ሥር በወጣው ጉንጉን ላይ።
«እንዲህ ነው መውደድ?» አሉ።
ዝም አልሁ።
ስኳር ዓይኑን ወስዶት፣ ሁለት ክረምት ሙሉ
የጉንጉኔን ጫፍ ይዞ ነበር መዋሉ።
ሌሊት ሲባንን ጎተት ያደርገዋል፣ እንደ ደወል ገመድ።
«አለሁ» እላለሁ።
ይተኛል።

ይኸው አራት ዓመቱ። ዛሬ በመስተዋት
ጉንጉኔን ወደ ፊት አምጥቼ፣ በጠዋት፣
እንደ ሒሳብ መዝገብ ከላይ ወደ ታች ሳነበው፦
ከሥሩ እስከ ደረቴ፣ ኖራ የመሰለ፤
ከደረቴ በታች ጥቁር ነው፣ እንዳለ።
ነጩ ባዘዘውን አያውቀውም፤
ከቀብር በኋላ ነው የበቀለ።
ጥቁሩ ያውቀዋል።
ጥቁሩን ነው የያዘው።

እናትነሽ ጠጉር ቤት፣ ከአውቶ ፓርኮ ማዶ፤
መስኮቷ ላይ ተሰክቷል፣ የሰው ጠጉር ያነቀው ሚዶ።
እሷም ውሃ የላትም፤ ጀሪካኔን በባጃጅ ጭኜ ነው የሄድሁ።
ሁለት ሙሽሮች አሉ፤ ማን እንዳበቀለው የማያውቁትን ጠጉር
በአሥራ ሁለት ሺህ ብር ገዝተው ሊያሰፉት።
አንዷ የእኔን ዳሰሰችና፦ «እማማ፣ ከሸጡት ለእኔ ይሁን።»
ሳቅን። እኔ ትንሽ ዘግይቼ።

እናትነሽ ፈታችው። አበጠረችው።
መቀሱን አንሥታ በመስተዋቱ ውስጥ አየችኝ፦
«እትዬ ይርገዱ፣ እስከ የት?»

እስከ የት?
እስከ ደረት ብላት፣ ጥቁሩ በሙሉ ወለል ላይ ነው፤
መጥረጊያዋ ጥግ ቆማ ትጠብቃለች።
ሁለት ጣት ብላት፣ ከእሱ ጣቶች ሁለቱን፤
አራት ጣት ብላት፣ አውራ ጣቱ ብቻ ይቀራል፣
ብቻውን ምን ሊይዝ?
ብተወውም ሚዶው አለ፣ በየሳምንቱ፣
አንድ ሁለት ሦስት እያለ የሚወስድ፣
ማመልከቻ የማይቀበል።

«እስከ የት?» አለች እንደገና። ሙሽሮቹ ዝም አሉ።
«እጠቢውና ጎንጉኚው።»
«መቁረጡስ?»
«እሱን… እስቲ ለሐምሌ።»
በሐምሌ ምን እንዳለ እኔም አላውቅ።

ደብሬ በሯ ላይ ቆማለች፦ «ተቆረጥሽ?»
«ታጠብሁ» አልኋት።
ባዶውን ጀሪካን ከደረጃው ሥር አስቀምጬ
ቀና ስል፣ እርጥቡ ጉንጉን ከኋላዬ
ጎተት አደረገኝ።
ውሃው ነው፣
አውቃለሁ።